ሲስተር ድገሙልኝ በምን እንደሞቱ፦ ከቤተሰብ ተመልሶ እንደገና የተጻፈ የሀዘን መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሆስፒታሉ ሠራተኞች በሙሉ፣ በሰባት ቁጥር ክፍል ለተስተናገዱ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው፤

የሆስፒታሉ ሠራተኞች ማኅበር፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት፣ ከዚህም ውስጥ አሥራ ስድስቱን ዓመት በሰባት ቁጥር ክፍል ሕመምን ለታማሚው በማስረዳት ያገለገሉት፣ ሁላችንም «ሲስተር ድገሙልኝ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን በያዝነው ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው በማረፋቸው የተሰማውን መራራ ሀዘን ይገልጻል። መራራ የሚለውን ቃል ለማሳመሪያ አልጻፍነውም።

ይህ ሁለተኛው መግለጫችን ነው። የመጀመሪያው በማግስቱ በቀብሩ ላይ ተነቦ፣ ከዚያም በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። በዚያ መግለጫ ሲስተር «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ማረፋቸውን ገልጸናል። ማኅበራችን ለሁሉም የሚጽፈው እንዲሁ ነው። ቅጹ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚለወጠው ስምና ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህኛው ላይ ቀኑን መለወጥ ተረስቶ በእስክርቢቶ ነው የተስተካከለው።

መግለጫው ስምንት ቀን በሰሌዳው ላይ ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ የሲስተር የመጀመሪያ ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነችው፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወረቀቱን ከነመርፌው ነቅላ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ገባች። ብቻዋን አልነበረችም። በሆስፒታሉ በር ላይ ካልሲ የምትሸጠውን ሴትዮ ክንዷን ይዛ አስከትላለች። ካልሲ ሻጯን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ግማሾቻችን የእሷን ካልሲ ነው የምናደርገው።

«ወንበር ስጧት፣ ከዚያ ግፊቷን ለኩ» አለች ልጅቱ።

ተለካ። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ነበር። ካልሲ ሻጯ ለስድስት ዓመት ሳታቋርጥ የዋጠችውን የግፊት ኪኒን ከሲስተር ቀብር ማግስት ጀምሮ ትታዋለች። ለምን ቢባል፣ «ሲስተርን የገደላቸው የግፊቱ ኪኒን ነው ይላል ሰዉ። እሳቸውን ያልማረ መድኃኒት እኔን ይምራል?» ብላ መለሰች።

ማኅበራችን ይህን ወሬ አላወራም። ግን እኛ ባዶ የተውነውን ቦታ በሩ ላይ ያለው ወሬ ሞላው። አንዱ ጉበት ነው አለ፣ ሌላው ልብ፣ ሌላው ሐኪሞቹ ደብቀውት ነው አለ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙት በኪኒኑ ላይ ነው፤ ሲስተር ግፊት እንዳለባቸው አገር ያውቃልና። የግፊት ክትትል ክፍሉ በእነዚያ ስምንት ቀናት አሥራ አራት ታካሚዎች በቀጠሯቸው እንዳልመጡ አረጋግጦልናል።

«እማዬ ለሰው ሁሉ የበሽታውን ስም ስትናገር ኖረች። የራሷ በሽታ ስም የለውም? አሳፋሪ ነገር ነው የገደላት?» አለች ልጅቱ።

ሊቀመንበራችን፣ የራጅ ባለሙያው፣ በትሕትና ሊያስረዷት ሞከሩ። «የኔ ልጅ፣ ወጉ ነው። ለሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«ጋሼ፣ እስቲ ወጉን ለዚች ሴትዮ ይንገሯት።»

ሊቀመንበሩ ካልሲ ሻጯን አዩ። ከዚያ የግፊት መለኪያውን አዩ። የመጀመሪያው መግለጫ በዚያው ሰዓት ተሽሯል። ቤተሰቡ ያቀረበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ሕመሙ በስሙ ይጠራ፣ እንዴት እንደገደለም ካልሲ ሻጯ በምትረዳው አማርኛ ይጻፍ። ይህን ሳናደርግ የሲስተርን ፎቶግራፍ በአዳራሹ እንዳንሰቅል ልጅቱ አስጠንቅቃናለች። ፎቶውንም ይዛው ሄዳለች።

የሲስተር አገልግሎት በአጭሩ የሚከተለውን ይመስላል።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ሆነው ተቀጠሩ። በመጀመሪያው የሥራ ግምገማቸው ላይ «ታታሪ፣ ንጹሕ፣ ወሬ የምታበዛ» ተብሎ ተጽፏል። ወሬ የተባለው ከታማሚ ጋር ማውራታቸው ነው።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ልብስ ሰፊ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጀምሮ፣ ሁለተኛው ወር ላይ ሲሻለው የቀረውን ኪኒን ለሚያስለው አማቹ አካፍሎ ተገኘ። በክፍሉ ያልጮኸበት ሐኪም አልነበረም። ሰውዬው ግራ ገብቶት፣ «ብሰስት ነበር እንዴ ጥሩው?» አለ። ሲስተር አጠገቡ ቁጭ ብለው መጀመሪያ ምን ተብሎ እንደነበር ጠየቁት። «በቀን ይህን ያህል ዋጥ ነው የተባልኩት። ከተሻለኝ በኋላ ለምን እንደምውጥ የነገረኝ የለም» አላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲስተር ታማሚን «ገባዎት?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። ሰው ነጭ ጋውን ፊት ሲሆን ባይገባውም አዎ ይላል። በምትኩ «ድገሙልኝ» ማለት ጀመሩ፤ ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት ሰባት ቁጥር ክፍል ተከፈተ። ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ፣ ሌላ ምንም የለውም። ሲስተር የራሳቸው ወንበር ከታማሚው ወንበር ከፍ ማለቱን አልወደዱትም። የሆስፒታሉን አናጢ ለምነው እግሮቹን አስቆረጡ። ንብረት ክፍል «ወንበር በአራት ጣት ስለማሳጠር» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎባቸዋል፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ ማኅደራቸው ውስጥ አለ። ሲስተር ግን በዚያች አጭር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽቅብ እያዩ ነበር የሚያስረዱት።

በሚቀጥሉት ዓመታት ስኳርን፣ አስምን፣ የሚጥል በሽታን፣ የጨጓራ ቁስለትን፣ የዓይን ሞራን ከሐኪሞቹ ቋንቋ ወደ ሰው ቋንቋ አመጡ። ግፊትን በቧንቧ ነበር የሚያስረዱት፤ ታናሽ ወንድማቸው የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩና ምሳሌው ከቤት የተገኘ ነው። «ውሃው ከመጠን በላይ ሲገፋ ቧንቧው አይጮህም፤ ሳይጮህ ነው የሚያረጀው። እርስዎንም ስላላመመዎት የለም ማለት አይደለም» ይላሉ። ከዚያ «ድገሙልኝ» ይላሉ። ታማሚው በራሱ ቃል ሲደግም ብቻ ሮዝ ቀለም ያላትን የመድኃኒት መውሰጃ ወረቀት ይፈርማሉ። ሮዟ ወረቀት ሳትፈረም መድኃኒት ቤቱ አይሰጥም።

በእርግጥ ሰው ያማርር ነበር። ወረፋው ላይ «ሐኪሙን አልፌ ሲስተር ጋ ወደቅሁ» እያለ የሚያስቅ አንድ ጡረተኛ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው የስኳር ሕመሙን ከሲስተር በተሻለ አስረድቶ ወጥቷል ይባላል። ሚስቱ እስከ ዛሬ ስለ እግር ጥፍሩ አቆራረጥ ሲነዘንዛት መኖሩን በምሬት ትናገራለች።

በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለታማሚ ሳይሆን ለእኛ ለሠራተኞች የጻፉት አንድ ወረቀት ነበር፦ «መጥፎ ውጤት የሰማ ሰው ቀጥሎ የምንለውን አይሰማም። ተቀመጡ፣ ጠብቁ፣ እንደገና ንገሩ። ሐኪምም ቢሆን፣ ነርስም ብትሆን።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቀለም ነው የጨመሩት። ሁላችንም አንብበነዋል።

ከአሥራ አንድ ወር በፊት የተገልጋይ ፍሰት ጥናት ተደረገ። ሲስተር ለአንድ ሰው በአማካይ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ እንደሚወስዱ ተደረሰበት። አስተዳደሩ ክፍሉ ተዘግቶ በመጠበቂያው አዳራሽ ስክሪን እንዲሰቀል፣ ለታማሚዎችም በራሪ ጽሑፍ እንዲታደል ሐሳብ አቀረበ። በስብሰባው የማኅበራችን ሰባት ተወካዮች ተገኝተዋል። ሰባቱም በድጋፍ እጃቸውን አውጥተዋል። ይህ በመጀመሪያው መግለጫ አልተጻፈም ነበር። ስክሪኑ ከተሰቀለ በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ጠፋ፤ እስካሁን ሥዕሉ ብቻ ይሄዳል።

ሲስተር ወደ ካርድ ክፍል ተዛወሩ። «እረፍት ነው ሲስተር፣ ከሰው ጭቅጭቅ ይገላገላሉ» አልናቸው። ካርድ ክፍል ከመሬት በታች ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ የሆነ ክፍል ነው። ማኅደር ለማውረድና ለመስቀል ቀኑን ሙሉ መሰላል ይወጣል፣ ይወረዳል። በሁለተኛው ወር ጉልበታቸው ማበጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ የጠየቀው ማብራሪያ ይጀምራል። የአባሎቻችንን ድርሻ ራሳቸው አባላቱ እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

ለጉልበታቸው የማስታገሻ ኪኒን ያዘዙላቸው ባልደረባችን ጤና መኮንን ናቸው፤ ያዘዙትም በኮሪደር ላይ ቆመው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግፊት እንዳለበት፣ ምን እንደሚወስድ እጠይቅ ነበር ብለዋል። መድኃኒት ቤት ያሉት ባልደረባችን ለሰባት ወር ያለ ማዘዣ ሲሰጧቸው ቆዩ። ሮዝ ወረቀት የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ቀርቷል። ቢኖርስ ሲስተርን ማን ይጠይቃል? በሰጧቸው ቁጥር የሚሏቸው አንድ ነገር ነበር፦ «ለእርስዎማ ምን ይነገራል፣ ሲስተር።»

ከዐሥር ሳምንት በፊት የደም ምርመራ ተደርጎላቸው ኩላሊታቸው ከሚጠበቀው ሥራ ከግማሽ በታች እየሠራ መሆኑ ታወቀ። ውጤቱን የያዙት ሐኪም ወደ ካርድ ክፍል ወርደው፣ ወረቀቱን ከሌሎች ማኅደሮች ጋር በመስኮቱ አቀበሏቸው። «ይኸው፣ ያውቁታል» አሏቸው። ሲስተር ወረቀቱን አይተው፣ «እስቲ ይንገሩኝ፣ ከዚያ እደግምልዎታለሁ» አሉ። ሐኪሙ ቀልድ መሰላቸው። ስቀው ወጡ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይህን የተናገሩት ራሳቸው ሐኪሙ ናቸው፤ ሲናገሩም ቆመው ነበር፣ ተቀመጡ ብንላቸውም እንቢ አሉ።

ከቀብሩ በኋላ ወረቀቱን ፈለግነው። ያገኘነው በራሳቸው ማኅደር ውስጥ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ በትክክለኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ሲስተር የተሰጣቸውን ሥራ በአግባቡ ሠርተዋል።

ያን ዕለት ማታ ለልጃቸው፣ «ኩላሊቴ ትንሽ ደከም ብሏል አሉ» ብለዋት ነበር። «ማን አለ?» ስትላቸው፣ «ወረቀቱ» አሏት። ተሳሳቁ። ልጅቱ ይህን ስትነግረን አልሳቀችም። «ታውቅ የለ እንዴ ትላላችሁ። አዎ፣ ታውቃለች። ግን የማያውቅ ሰው ያህል ፈርታ ነበር። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው ያጣችው» ነው ያለችን።

እንግዲህ ሲስተር የሞቱት በዚህ ነው፤ የማኅበራችን አባላት የሆኑ ሐኪሞችም አረጋግጠውታል።

ኩላሊት የደም ወንፊት ነው። ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣል፣ የሚጠቅመውን ያስቀራል። ለብዙ ዓመት የቆየ የደም ግፊት ይህን ወንፊት ቀስ በቀስ ያደክመዋል። የግፊት ኪኒን የሚወሰደው ለዚህ ነው፤ ወንፊቱን፣ ልብንና አንጎልን ለመጠበቅ። ሲስተርን ለአሥራ ሁለት ዓመት በደህና ያቆያቸው እሱ ነው። እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ግፊት ያለበት ሰው፣ በተለይ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን እየወሰደ፣ ለወራት ሲጨምርበት ኩላሊቱ ይጎዳል። ሲጎዳም አያምም። በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። በጊዜው ከታወቀና ማስታገሻው ከቆመ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን መግታት ይቻላል። ለሲስተር በጊዜው ታውቆ ነበር፤ ማስታገሻው ግን አልቆመም።

በመጨረሻው ሳምንት ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው። ሰውነታቸው ውሃ ሲያጥረው የደከመው ኩላሊት ጨርሶ ሥራ አቆመ። በሽንት መውጣት የነበረበት ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር በደማቸው ተከማቸ፤ እሱ ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል። ሆስፒታል የደረሱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ ልባቸው ቆመ። የሕመማቸው ስም በደም ግፊት ላይ በማስታገሻ ኪኒን የተባባሰ የኩላሊት መድከም ነው።

ስለዚህ የግፊት ኪኒናችሁን በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ማስታገሻ ከመዋጡ በፊት ይጠይቅ። ተቅማጥና ትውከት ከጠናባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱና የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ አሳዩ። ውጤት ያለበት ወረቀት ሲሰጣችሁም የሚያስረዳችሁ ሰው ሳታገኙ ከሆስፒታሉ አትውጡ። ይህን የመጨረሻውን ለሠራተኞቻችንም ጭምር ነው የምንለው።

ማኅበሩ ለሲስተር ሁለት ልጆች፣ ለታናሽ ወንድማቸው ለቧንቧ ሠራተኛው፣ በካርድ ክፍል ለሦስት ወር መሰላሉን ይይዙላቸው ለነበሩት የጽዳት ባልደረባችን መጽናናትን ይመኛል። ለጤና መኮንኑ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያና ለሐኪሙ ግን ከመጽናናት በፊት ሌላ ነገር እንደሚያስፈልጋቸው ራሳቸው ነግረውናል። እጃቸውን ላወጡት ሰባት ተወካዮችም እንዲሁ።

እስከዚህ ያለው ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት በልጅቱ ጥያቄ መሠረት ትናንት በሰባት ቁጥር ክፍል ተነቧል። ክፍሉ አሁን የወረቀት ካርቶን ማስቀመጫ ነው። ካርቶኖቹን ገፋ ገፋ አድርገን ሁለቱን ወንበሮች አወጣን። ካልሲ ሻጯ በረጅሙ ተቀመጠች፣ ልጅቱ በአጭሩ። ሊቀመንበሩ ቆመው አነበቡ። ሲጨርሱ ልጅቱ ወደ ካልሲ ሻጯ ዞራ፣ «ድገሚልኝ» አለቻት።

ካልሲ ሻጯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የግፊቱ ኪኒን አይደለም የገደላቸው። የጉልበቱ ነው። ወንፊታቸውን አደከመባቸው። ወረቀቱ ተናግሮ ነበር፣ ሰው ነው ያልተናገረው» አለች። ከዚያ ከካልሲዎቿ ከረጢት ኪኒኗን አውጥታ በውሃ ዋጠች። ልጅቱ ከእናቷ መሳቢያ የተረፈች አንዲት ሮዝ ወረቀት አውጥታ ፈረመችላት።

ሁለተኛ ሮዝ ወረቀትም ነበራት። እሷን ይዛ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «እርስዎስ፣ ጋሼ? ይድገሙልኝ።»

ሊቀመንበሩ «በተፈጠረው ክፍተት ምክንያት» ብለው ጀመሩ። ወረቀቷን እንደያዘች ጠበቀቻቸው። «ቅንጅት በመጓደሉ» አሉ። አሁንም ጠበቀች። በሦስተኛው፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው፣ «የሚያስረዱበትን ክፍል ዘጋንባቸው። ሲታመሙ ደግሞ ያውቃሉ ብለን አላስረዳናቸውም» አሉ።

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ግን አልፈረመችም። ወረቀቷን አጥፋ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። «መድገም ብቻ አይደለም። እማዬ ታማሚዎቿን በሳምንቱ አስጠርታ ኪኒኑን መዋጣቸውን ታይ ነበር» ብላ ወጣች፤ ተራዋ ደርሶ ነበር፣ አውቶቡሱ ይጠብቃታል።

ስለዚህ ይህ መግለጫ ያለ ልጅቱ ፊርማ፣ በማኅበሩ ማኅተም ብቻ ወጥቷል። ካርቶኖቹ ትናንት ወደነበሩበት አልተመለሱም፤ ኮሪደሩ ላይ ናቸው፣ አላፊ አግዳሚውም እያማረረ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለፎቶግራፉ የተመታው ሚስማር ባዶውን አለ።

የሆስፒታሉ ሠራተኞች ማኅበር